የታመመን ሰው እምነት አትመዝኑብን፦ በጎጃም ላላችሁ ሰባኪያንና የጉባኤ አዘጋጆች ግልጽ ደብዳቤ

ይድረስ በጎጃም ላላችሁ ሰባኪያነ ወንጌል፣ የሰንበት ትምህርት ቤት መምህራን፣ ጉባኤ ለምታዘጋጁ የሰበካ ጉባኤ አባላት፣ ጠበል ቦታ ለምታገለግሉ አባቶችና ወንድሞች በሙሉ፤

እንደምን ሰነበታችሁ። እኔ ምስራቅ ጎጃም ውስጥ አንድ ጤና ጣቢያ የምሰራ ነርስ ነኝ፣ ሰንበት ትምህርት ቤት ነው ያደግኩት፣ አሁንም ከመዘምራኑ ጋር አለሁ፣ ስለዚህ ይሄን ስጽፍ ከውጭ ቆሜ ልወቅሳችሁ አይደለም፣ እናንተው ባስተማራችሁኝ ወንጌል ነው የማናግራችሁ። የምለምናችሁ ነገር አንድ ነው። ሰው ሲታመም፣ ልጅ ሲሞትበት፣ ተስሎ የለመነው ነገር ሲቀርበት "እምነትህ ቢጎድል ነው"፣ "እምነትሽ ሙሉ ቢሆን ኖሮ" የሚባለው ነገር ይቅር። በማይክ የሚባለውም ይቅር፣ ለቅሶ ተደርሶ በጆሮ ሹክ የሚባለውም ይቅር። እኔ ይሄ አባባል ከክርስትና ውጭ ነው ብዬ ነው የማምነው፣ ለምን እንደዛ እንዳልኩ እስክጨርስ ታገሱኝ፣ ትንሽ ይረዝማል።

ባለፈው ክረምት አንዲት እናት ሰባት አመት የሚሆነው ልጇን አዝላ መጣች። (እንድጽፈው ፈቅዳልኛለች፣ ስሟንም ቀበሌዋንም ግን አልጠራም፣ የተናገራት ሰው ማን እንደሆነም አልጽፍም ምክንያቱም ጉዳዩ የአንድ ሰው ብቻ አይደለም።) ልጁ የሚጥል በሽታ አለበት፣ እኛ ጋ ክትትል ነበረው፣ ፌኖባርቢታል የሚባለውን የሚጥል በሽታ ኪኒን እየወሰደ ወራት ሳይጥለው ቆይቶ ነበር፣ ከዛ ድንገት ጠፉ። ተመልሰው የመጡ ቀን ግራ እጁ ከመዳፉ እስከ አንጓው ተቃጥሏል፣ እሷ ውሃ ልትቀዳ ወጣ ባለችበት ምድጃው አጠገብ ጥሎት ነው፣ ቁስሉ ላይ ኮልጌት ተቀብቶበታል፣ እሱን ቀስ እያልኩ ሳጥብ ልጁ አላለቀሰም፣ የናቱን ነጠላ ጥለት ጨብጦ ዝም ብሎ ያየኛል። መድሃኒቱስ አልኳት። መልስ ሳትሰጠኝ የመቀነቷን ጫፍ ፈታችና ቋጥራ የያዘችውን ኪኒን አወጣች። አልሰጠችውም፣ አልጣለችውምም፣ ወገቧ ላይ አስራው ነው የምትዞረው። "እህቴ፣ ጉባኤ ወስጄ ሳስጸልይለት ኪኒን እየሰጠሽው እንዴት ይድናል፣ እምነትሽ ጎዶሎ ነው አሉኝ፣ በኔ እምነት ማነስ ልጄ ምህረቱ እንዳይቀርበት ብዬ ተውኩት" አለችኝ።

እስቲ የዚችን ሴት እምነት ልንገራችሁ። ለክትባት ቤት ለቤት ስንዞር ቤቷን አውቀዋለሁ። ወር በገባ በ12 የሚካኤልን ዝክር አታስታጉልም፣ ሌላ ቢጠፋ ዳቦ ጋግራ ጠላዋን ይዛ ትወጣለች። በእንተ ስማ ለማርያም ብሎ በሯ ላይ የቆመ የቆሎ ተማሪ ባዶ አኩፋዳ ይዞ አይመለስም። እኛ ጎጃሞች በአብነት ትምህርት ቤታችን እንኮራለን፣ ዋሸራና ጎንጅ፣ ዲማ ጊዮርጊስና ደብረ ኤልያስ እያልን እንጠራለን፣ ግን የነዛ ቤቶች ቅኔ እዚህ የደረሰው በየኔታዎቹ እውቀት ብቻ አይደለም፣ ከልጆቿ ራት ላይ ቆርሳ ለማታውቀው ተማሪ በሰጠች እንደዚች ባለች እናትም ጭምር ነው። እንግዲህ ጎዶሎ የተባለው የሷ እምነት ነው። ልጇ ስለጣለው ብቻ።

አሁን ማቴዎስ 17ን አብረን እንክፈት። አንድ አባት ጌታ ፊት ተንበርክኮ ስለ ልጁ ሲለምን "ብዙ ጊዜ በእሳት ብዙ ጊዜም በውኃ ይወድቃልና" ይላል። ያንን እጅ ካጠብኩ ወዲህ ይሄን ጥቅስ እንደ ድሮው ማንበብ አልቻልኩም፣ የልጁ ጠባሳ ይታየኛል። አባትየው ልጁን መጀመሪያ ወደ ደቀ መዛሙርቱ ነበር የወሰደው፣ ሊፈውሱት አልቻሉም። በኋላ ጌታ ልጁን ከፈወሰው ደቀ መዛሙርቱ ለብቻቸው ቀርበው እኛ ለምን አቃተን ብለው ጠየቁት። "ስለ እምነታችሁ ማነስ ነው" አላቸው። ለማን ነው ያለው? ለጸለዩት ነው። ለልጁ አይደለም፣ ለአባትየውም አይደለም። እርግጥ ቀደም ብሎ የማታምን ጠማማ ትውልድ ብሎ ገስጿል፣ እሱ ግን የተነገረው ለትውልዱ በሞላ ነው፣ አንዱን የታመመ ሰው ለይቶ አላቆመም። እኛ ጋ ግን ነገሩ ተገልብጦ፣ የጸለየው ሰው እምነቱ ሙሉ ሆኖ የታመመው ሰው ባለእዳ ሆኖ ቁጭ ይላል።

ማርቆስ 9 ላይ ደግሞ ያው ታሪክ ሰፋ ብሎ አለ። ጌታ ለአባትየው "ለሚያምን ሁሉ ይቻላል" ሲለው ሰውየው በእንባ እየጮኸ "አምናለሁ፤ አለማመኔን እርዳው" አለ። ይሄ ጸሎት ለኔ ከብዙ ስብከት በላይ ነው። ሰውየው ሙሉ እምነት አለኝ አላለም፣ ያለውንም የጎደለውንም ይዞ ነው የቀረበው። ጌታም እንግዲያው ሂድና እምነትህ ሲሞላ ተመለስ አላለውም፣ ልጁን እጁን ይዞ አስነሳው። እና ጌታ ያልጠየቀውን እኛ ከየት አምጥተን ነው የምንጠይቀው?

አውቃለሁ፣ ጌታ ራሱ "እምነትሽ አድኖሻል" ብሏል ትሉኛላችሁ። አዎ ብሏል፣ አስራ ሁለት አመት ደም ሲፈሳት ለኖረችው ሴት ብሏል፣ ያለው ግን እየተንቀጠቀጠች የቀረበችውን ሴት ልጄ ብሎ ሊያጽናናት ነው። እስቲ አራቱንም ወንጌል አገላብጡና ታሞ የመጣን አንድ ሰው "እምነትህ አንሷልና አትድንም" ብሎ የመለሰበትን ቦታ አሳዩኝ። እኔ ፈልጌ አላገኘሁም። በናዝሬት ስለ አለማመናቸው ብዙ ተአምራት አላደረገም የሚለውም ቢሆን የተጻፈው የጸራቢው ልጅ አይደለምን ብለው ስለተሰናከሉበት ሰዎች ነው። ልጇን አዝላ ሦስት ሰአት በጭቃ ተጉዛ ደጁ ላይ የወደቀችን እናት ናዝሬት ውስጥ መክተት ግፍ ነው።

በዛ ላይ ይሄ ነገር አዲስ ጥያቄ አይደለም፣ ተጠይቆ መልስ ያገኘ ነው። ዮሐንስ 9 ላይ ደቀ መዛሙርቱ ከመወለዱ ጀምሮ እውር የነበረውን ሰው አይተው ማን ኃጢአት ሰርቶ ነው፣ እሱ ወይስ ወላጆቹ አሉ፣ ጌታም እሱም ወላጆቹም አይደሉም አለ። ኢዮብንም አስቡት። ኤልፋዝ፣ በልዳዶስና ሶፋር መጀመሪያ ሰባት ቀንና ሰባት ሌሊት አጠገቡ መሬት ላይ ዝም ብለው ሲቀመጡ ጥሩ ወዳጆች ነበሩ፣ አፋቸውን ከፍተው አንድ ያጠፋኸው ነገር ቢኖር ነው ማለት ሲጀምሩ ነው በቁስሉ ላይ እንጨት የሰደዱበት። እግዚአብሔር በመጨረሻ የተቆጣው በነሱ እንጂ በኢዮብ አይደለም። ቅዱስ ጳውሎስም ቢሆን ስለ ስጋው መውጊያ ሦስት ጊዜ ለምኖ የተሰጠው መልስ "ጸጋዬ ይበቃሃል" የሚል ነው፣ መውጊያው ተነሳለት አልተባለም። ለጢሞቴዎስ ሲጽፍ ደግሞ ጥሮፊሞስን ታሞ በሚሊጢን ተውሁት ይላል። በጨርቁ ድውይ የፈወሰ ሐዋርያ የአገልግሎት ጓደኛውን ታሞ ትቶት ሄደ፣ እምነትህ አንሶ ነው ብሎ ግን አልጻፈበትም።

ታዲያ እምነት ምንድነው ካላችሁ፣ እኔ የገባኝን ልበል፣ ሊቃውንቱ ያርሙኝ። በየቅዳሴው ጸሎተ ሃይማኖት እንላለን፣ በ325 (እ.ኤ.አ) በኒቅያ የተሰበሰቡት 318 ሊቃውንት የደነገጉት ነው፣ በ381 (እ.ኤ.አ) በቁስጥንጥንያ የተሰበሰቡት አባቶች ደግሞ ፈጸሙት። በአንድ አምላክ እናምናለን ብሎ ይጀምርና ስለኛ የተሰቀለውን ስለኛ የተነሳውን ጌታ ተናግሮ የሙታንን መነሳት ተስፋ እናደርጋለን ብሎ ይጨርሳል። ከላይ እስከ ታች ብትሄዱበት በሽታዬ ይለቀኛል፣ ቪዛዬ ይመታል፣ ንግዴ ይሰፋል የሚል ቃል የለበትም። ማንን እንደምናምን ነው የሚናገረው። እኛ ግን እምነትን ብር ከፍለን እቃ እንደምንቀበልበት ሱቅ አደረግነውና እቃው ሲቀር ብሩ ጎሏል ማለት ጀመርን።

ታህሳስ 19 ገብርኤልን ስናነግስ የሠለስቱ ደቂቅ ታሪክ ይሰበካል፣ መልአኩ እሳቱን እንዴት እንዳበረደው ይነገራል፣ እልል ይባላል፣ ደስ ይላል። እኔ ግን ያቺ ከእሳቱ በፊት የተነገረችው ቃል ሳትነሳ ስታልፍ ይቆጨኛል። ንጉሡን አምላካችን ሊያድነን ይችላል ካሉት በኋላ "እርሱ ባያድነን፥ አማልክትህን እንዳናመልክ … እወቅ" ነው ያሉት። ባያድነንም! እሳቱ ይብረድ አይብረድ ገና ሳያውቁ ነው ያመኑት፣ እምነታቸው የተፈጸመው መልአኩ ሲመጣ አይደለም፣ እዛች ቃል ላይ ነው። ዕብራውያን 11ም እንደዛው ነው። የአንበሶችን አፍ ዘጉ፣ የእሳትን ኃይል አጠፉ እያለ ይመጣና እዛው ምዕራፍ ላይ ሌሎች ደግሞ ተደበደቡ፣ በድንጋይ ተወገሩ፣ በመጋዝ ተሰነጠቁ፣ በሰይፍ ተገድለው ሞቱ ይላል። የዳኑትም የተሰነጠቁትም ባንድ ላይ በእምነታቸው ተመስክሮላቸዋል ነው የሚለው። ግማሹን ምዕራፍ ብቻ የሚሰብክ ሰው ግማሹን ምእመን ከቤተክርስቲያን ያስወጣል።

ሩቅ ሳንሄድ አቡነ ጴጥሮስ አሉ። ሐምሌ 22 ቀን 1928 ዓ.ም አዲስ አበባ ላይ ፋሽስቶች በጥይት ደበደቧቸው። እምነት ማለት መትረፍ ከሆነ እሳቸውን ምን ልንላቸው ነው? ጊዮርጊስንስ? እስጢፋኖስንስ? ታቦታቸውን እያነገስን የነሱን እምነት በውጤት አንለካም፣ ጎረቤታችን የሆነችውን ሴት ግን እንለካታለን።

ይሄን የምለው በተለይ አሁን ነው። በነዚህ ባለፉት አመታት ጎጃም ውስጥ ሀዘን ያልገባበት ቤት ጥቂት ነው፣ ልጇን የቀበረች እናት፣ ትምህርቱ የተቋረጠበት ልጅ፣ ሌሊት በባነነ ቁጥር የሚጮህ ሰው እኛ ጋ ይመጣል፣ እናንተም ጋ ይመጣል። እነዚህ ሰዎች ጸልየው ነበር። ሱባኤ ገብተው፣ ጾመው፣ ተስለው ነበር። ያ ሁሉ ሆኖ የሆነው ሲሆን "ጸሎቱ ከልብ ባይሆን ነው" ብሎ መናገር የሞተውን ሁለተኛ መግደል ነው። ሆድ ለባሰው ማጭድ አታውሰው ይባላል፣ እኛ ደግሞ ማጭዱን ወንጌል ብለን እየሰጠነው ነው። አንዳንዱ ከቤተክርስቲያን የሚርቀው ክዶ አይደለም፣ አፍሮ ነው። እኔ እምነት የለኝም ተብያለሁ፣ ምን አደርጋለሁ ደጁ ላይ ብሎ ነው።

ስለ መድሃኒቱ ደግሞ ነርስ ነኝና ሳልናገር አላልፍም። የሚጥል በሽታ መድሃኒት ድንገት ሲቋረጥ በሽታው ከበፊቱ ብሶ ሊመጣ ይችላል፣ አንዱ ሳያባራ ሌላው እየተከተለ ልጁ ሳይነቃ ህይወቱ ሊያልፍ ይችላል፣ ስለዚህ ከባለሙያ ጋር ሳይነጋገር ማንም ማንንም አቋርጥ አይበል። ሲጥለውም ክብሪት ማሽተት፣ አፉ ውስጥ ማንኪያ መክተት አያስፈልግም፣ ከእሳትና ከድንጋይ ማራቅ፣ በጎኑ ማስተኛት፣ እስኪነቃ አጠገቡ መቆየት ነው። ለሃጩም አይጋባም፣ ንኩት። ጠበሉን ማንም አልከለከለም፣ እኔም እጠመቃለሁ፣ እጠጣለሁ። ቀንዲልም አለ፣ ያዕቆብ 5 ላይ የታመመ ቢኖር ሽማግሌዎችን ጠርቶ ቀብተው ይጸልዩለት ይላል። ግን በኛው መጽሐፍ ሲራክ 38 ላይ ሐኪምን አክብር፣ እሱንም የፈጠረው እግዚአብሔር ነው፣ መድሃኒትንም ከምድር አወጣ፣ ብልህ ሰው አይንቀውም የሚል ትምህርት አለ። ወንጌላዊው ሉቃስ ባለመድሃኒት ነበር። አቡነ ጳውሎስ ፓትርያርክ በነበሩበት ጊዜ የኤችአይቪ መድሃኒት ከጠበል ጋር አብሮ ሊወሰድ እንደሚችል በይፋ ተናግረው ነበር፣ በዛን ጊዜ በዚያ ቃል ስንት ሰው ተርፎ ይሆን ብዬ አስባለሁ። ኪኒን የዋጠ ሰው እግዚአብሔርን አልካደም። እንጀራ የበላም ሰው እኮ የዕለት እንጀራችንን ስጠን ብሎ ጸልዮ ነው የበላው።

አንድ ነገር ግን እላችኋለሁ፣ እምነት አይታይም አትበሉኝ፣ ይታያል። እኛ ጤና ጣቢያ ክረምት ላይ አምቡላንስ የማይደርስባቸው ቀበሌዎች አሉ፣ ወንዝ ይሞላል፣ መንገዱ ጭቃ ይሆናል። ምጥ የጸናባት ሴት በቃሬዛ ነው የምትመጣው። ወንዶቹ አራት አራት እየሆኑ ይቀያየራሉ፣ ዳገቱ ላይ ሲደርሱ እግራቸው ይንሸራተታል፣ ቃሬዛው እንዳያዘነብል አንዱ ተንበርክኮ በትከሻው ይይዛል፣ ሴትየዋን ዝናብ እንዳይመታት ጋቢያቸውን አልብሰዋት እነሱ በስብሰው ነው የሚደርሱት። ከመሃላቸው ዘመዷ አንድ ወይ ሁለት ቢሆን ነው። ማርቆስ 2 ላይ አራት ሰዎች ሽባውን ተሸክመው መጥተው በሕዝቡ ብዛት መግባት ሲያቅታቸው ጣራ ነድለው አወረዱት፣ "ኢየሱስም እምነታቸውን አይቶ" ነው የሚለው። የተሸከሙትን እምነት አይቶ ልጄ ሆይ ኃጢአትህ ተሰረየችልህ አለው። ሽባው ስለ እምነቱ አንድ ቃል ሲናገር አልተጻፈም። አያችሁ፣ የደከመ ሰው የራሱ እምነት ሲያጥረው በሌላው እምነት ተሸክሞ የሚያደርሰው ማህበር ነው ቤተክርስቲያን ማለት። ያዕቆብም ሥራ የሌለው እምነት የሞተ ነው ያለው የተራበውንና የተራቆተውን "በደኅና ሂዱ፥ እሳት ሙቁ፥ ጥገቡም" ብለው በባዶ ለሚሸኙት ነው። እምነትሽ ይሙላ ብሎ መሸኘትም ከዚህ በምን ይለያል?

ስለዚህ ልመናዬን በግልጽ ላስቀምጥ። ምስክርነት ስታዘጋጁ ማይኩን ለተፈወሰው ብቻ አትስጡት፣ አልተፈወሰም ግን አልሄደም የምትሉትን ሰው፣ ለሃያ አመት ከህመሙ ጋር እያስቀደሰ የኖረውን ሰውዬ፣ ልጇን ቀብራ አርባው በወጣ ሳምንት ጽዋዋን ይዛ ማህበር የወጣችውን እናት አስቀምጡና አስተምሩን በሏት። የሚቀረጽ ቪዲዮ ላይ የታመመ ሰው ፊት አታሳዩ። ጠበል ቦታ ሰው ሲመጣ መድሃኒት የምትወስደው አለ ወይ ብላችሁ ጠይቁ፣ ካለው ሰአቱን ጠብቆ እንዲወስድ አስታውሱት፣ ከናንተ አፍ ሲወጣ ከኛ ይልቅ ይሰማችኋል። የአብነት መምህራኖቻችንን ጉባኤ ላይ አስቀድሟቸው፣ ትርጓሜውን የሚያውቁት እነሱ ናቸው፣ ብዙዎቹ ግን ጩኸት ስለማያውቁበት መድረክ አይሰጣቸውም።

ደግሞ የፊታችን ዐቢይ ጾም አራተኛው ሰንበት መጻጉዕ ነው፣ እንግዲህ እዛ ላይ ይሄን ስበኩልን። ሠላሳ ስምንት አመት የተኛው ሰውዬ ልትድን ትወዳለህን ሲባል አምናለሁ አላለም፣ ሰው የለኝም ነው ያለው። ማን እንዳዳነውም አላወቀም፣ ዮሐንስ 5 ላይ የተፈወሰው ሰው ግን ማን እንደሆነ አላወቀም ተብሎ ተጽፏል። ጌታ ማንነቱን እንኳን ላላወቀ ሰው ነው ተነሳ ያለው። ይሄንን ቁጭ ብለን በደንብ ብንሰማው ስንት ወገቧ ላይ ጭንቋን የቋጠረች እናት ትፈታዋለች።

ጉባኤያችሁ ላይ ስለ ሚጥል በሽታም ሆነ ስለ ሌላ ህመም የሚናገር ባለሙያ ካስፈለጋችሁ እኔም የስራ ባልደረቦቼም በነጻ እንመጣለን፣ ቅዳሜ ከሰአትና እሁድ ከቅዳሴ በኋላ ይመቸናል። ለየወረዳችሁ ጤና ጣቢያ አንድ ደብዳቤ ብትጽፉ ወይ ሰው ብትልኩ ይበቃል።

ልጃችሁና እህታችሁ
አንዲት ነርስ፣ ከምስራቅ ጎጃም